የሐኪሙ ፎቶግራፍ

ሐኪም ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ብዙ አይደለም። ልብሳችንን አውልቀን ገላችንን የምናሳየው፣ ደረታችንን አዳምጦ «ይህ አለብህ» ሲለን «ማስረጃህ የታለ?» ሳንል ያዘዘውን የምንውጥለት ሰው ነው። ታዲያ ይኸው ሰው ስለ አንድ ሐይቅ ቢመሰክርልን ለምን አናምነውም? በዚህች ቀላል ሐሳብ ላይ የቆመ ተንኮል ብዙ ሰው ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲያታልል ኖሯል። ታሪኩ ያስቃል፤ እኔ ግን የማነሳው ለሳቁ ብቻ አይደለም። ከሥሩ የሥነ ምግባር ጥያቄ አለበት። አንድ ሰው «በዓይኔ በብረቱ አየሁ» ሲለን፣ ወይም «ይኸውላችሁ ፎቶው» ብሎ ሲዘረጋልን፣ የማመን ግዴታ አለብን ወይ? አለማመንስ ሰውየውን መስደብ ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። በስኮትላንድ ሰሜናዊ ክፍል ሎክ ነስ የሚባል ሐይቅ አለ። ቀጭንና ረጅም ነው፤ ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ዱከም ድረስ እንደመሄድ ነው። ጥልቀቱ ከ220 ሜትር ይበልጣል። በዙሪያው ካለው ረግረግ እየታጠበ የሚገባው የበሰበሰ ዕፅ ውኃውን ጠላ አስመስሎታል፤ ጥቂት ሜትር ከተወረደ በኋላ ምንም አይታይም። እንዲህ ያለ ውኃ ምሥጢር ቢኖረው አያስደንቅም፤ ባይኖረውም ሰው ይፈጥርለታል።

በ1933 በሐይቁ ዳር አዲስ መንገድ ተሠራና መንገደኛ ሁሉ ውኃውን እያየ መሄድ ጀመረ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር መጀመሪያ «ኢንቨርነስ ኩሪየር» የተባለው የአካባቢው ጋዜጣ፣ ባልና ሚስት አንድ ግዙፍ ነገር ውኃውን ሲያናውጠው አዩ ብሎ ጻፈ። በዚያው ሰሞን «ኪንግ ኮንግ» የተባለው ፊልም በለንደን ሲኒማ ቤቶች ይታይ ነበር፤ በፊልሙ ውስጥ ደግሞ አንገተ ረጅም አውሬ ከውኃ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ «አየሁ» ባይ በዛ። «ኧረ ጥንትም ነበረ!» የሚሉ ሰዎች ደግሞ ቅዱስ ኮሎምባን ይጠቅሳሉ። በስድስተኛው መቶ ዘመን ይህ መነኩሴ በነስ ወንዝ አንድ የውኃ አውሬ ገሥጾ አባረረ ተብሎ ከሞተ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ በተጻፈው ገድሉ ውስጥ ይገኛል። የእኛን ገድላት ያነበበ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ እያየ ያደገ ሰው በዚህ አይደናገርም። ገድል የሚጻፈው ስለ ቅዱሱ ነው እንጂ ስለ አውሬው ቁመትና ክብደት ለመመስከር አይደለም።

ወሬው ለንደን ሲደርስ «ዴይሊ ሜይል» ጋዜጣ ማርማዱክ ዌዘረል የተባለ አዳኝና የፊልም ሰው ቀጥሮ ላከ። ሰውየውም ሐይቁ ዳር በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ የአውሬውን ኮቴ «አገኘ»። ኮቴው በጄሶ ተቀርጾ ለንደን ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተላከ። በጃንዋሪ 1934 ከሙዚየሙ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ «የጉማሬ እግር ነው» የሚል። ያውም የአንድ እግር! አንድ ሰው የደረቀ የጉማሬ እግር ይዞ ጭቃው ላይ እየደጋገመ ሲያትም ነው የዋለው። ጣና ዳር ያደገ ልጅ ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ሙዚየም ድረስ ባልደከሙ ነበር።

ዌዘረል ተሳለቁበት። እሱም ቂም ያዘ። «አውሬ ነው የፈለጋችሁት? እሰጣችኋለሁ» ያለ ይመስላል። ልጁ አንዲት የመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ገዛ፤ ሞዴል ሠሪ የነበረው የእንጀራ ልጁ ክርስቲያን ስፐርሊንግ በላይዋ አንገትና ጭንቅላት ቀረጸላት። ሐይቁ ላይ አንሳፍፈው ፎቶ አነሷት። ከውኃው በላይ የሚታየው ነገር ቢበዛ አንድ ክንድ አይሞላም።

ጥበቡ ያለው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ዌዘረል ፎቶውን በራሱ ስም ቢያወጣ የጉማሬው ሰውዬ ተብሎ ዳግመኛ እንደሚሳቅበት ያውቃል። ስለዚህ በአንድ ወዳጅ አማካይነት ሮበርት ኬኔት ዊልሰን ለተባለ የለንደን የማህፀን ሐኪም ሰጡት። ሐኪሙ «እኔ ነኝ ያነሳሁት» አለ። ኤፕሪል 21 ቀን 1934 ፎቶው በዚያው በ«ዴይሊ ሜይል» ላይ ወጣ። ሐኪሙ ስሙ ከነገሩ ጋር እንዲያያዝ ስላልፈለገ «የሐኪሙ ፎቶግራፍ» ተብሎ ቀረ። ይህ ቁጥብነቱም ራሱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረለት።

እስቲ ቆም ብለን እንጠይቅ። ሰዉ ያመነው ምኑን ነው? ፎቶውን ነው? ፎቶውማ ብዥ ያለ ነው። በጋዜጣ የወጣው ዙሪያው ተቆርጦ ስለነበር ከጎኑ ዳርቻ የለም፣ ጀልባ የለም፣ ትልቅነቱን የሚያመዛዝኑበት አንዳች ነገር የለም። ባልተቆረጠው ፎቶ ላይ ነገርየው ከሐይቁ ስፋት አንጻር ሚጢጢ ሆኖ ይታያል፤ ዙሪያውን ያሉት የውኃ ቀለበቶችም ትንንሽ ናቸው። የታመነው እንግዲህ ሐኪሙ ነው። ፎቶው የሐኪሙን ስም ተውሶ ነው የኖረው።

የዌዘረል ልጅ በ1975 ለአንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ ምሥጢሩን ቢናገርም ሰሚ አላገኘም። ወሬው በጠባብ አምድ ወጥቶ ተረሳ። ስፐርሊንግ በዘጠና ዓመቱ ገደማ፣ ሊሞት ሲል ተናዘዘና በ1994 ነገሩ በይፋ ወጣ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ሰነፎች እንዳያደርገን እፈራለሁ። ንጋት በራሱ ጊዜ ይመጣል። እውነት ግን በ1975 ደጃፍ ድረስ መጥታ በሩን የሚከፍት አጥታ ተመልሳለች። በመጨረሻ የጠራችው የድሮዋን ቁራጭ ጋዜጣ ፈልገው፣ ሽማግሌውን አፈላልገው፣ ቁጭ ብለው የጠየቁ ሁለት ሰዎች ስለተገኙ ነው። የሚደንቀው ደግሞ ከሁለቱ አንዱ፣ አላስቴር ቦይድ፣ አውሬውን አይቻለሁ የሚልና መኖሩን አጥብቆ የሚያምን ሰው ነበር። የገዛ እምነቱን የሚደግፈውን ዝነኛ ፎቶ በገዛ እጁ አፈረሰው። እኔ በአውሬው አላምንም፤ በእንዲህ ያለ ሰው ግን አምናለሁ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዋሾ ነው። ዋሾ ቀላል ነው፤ አንድ ቀን ይጋለጣል፣ እንስቃለን፣ ያበቃል። አስቸጋሪው ዋሽቶ የማያውቀው ሰው ነው።

በ1960 ቲም ዲንስዴል የተባለ የአውሮፕላን መሐንዲስ አንድ ጉብታ ነገር ሐይቁን ሲያቋርጥ በፊልም ቀረጸ። ይህ ሰው ዋሾ አልነበረም። በዚያው ቀን አንድ ጀልባ በዚያው አቅጣጫ እንዲሄድ አድርጎ ለማነጻጸሪያ ቀርጿል፤ አጭበርባሪ ለራሱ መጋለጫ እንዲህ አያዘጋጅም። በ1966 የእንግሊዝ አየር ኃይል የፎቶ ባለሙያዎች ፊልሙን መርምረው ሕይወት ያለው ነገር ሳይሆን አይቀርም አሉ። በኋላ በተሻለ መሣሪያ ብርሃኑን እያስተካከሉ ያዩት ሌሎች ግን «ይህ ጀልባ ነው፤ ሰውም ተቀምጦበታል» አሉ። ዲንስዴል እስኪሞት ድረስ ዕድሜውን ለሐይቁ ሰጠ። በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ሮበርት ራይንስ ከውኃው በታች በካሜራ ያነሳውን ይዞ መጣ፤ ዓሣ ለመቅዘፊያ የሚጠቀምበትን ክንፍ የመሰለ ነገር ይታይበታል። በ1975 ራይንስና እውቁ የተፈጥሮ ተመራማሪ ፒተር ስኮት «ኔቸር» በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ላይ ለፍጡሩ የላቲን ስም አወጡለት። ኋላ ላይ ሲጣራ በየጋዜጣው የታየው ክንፍ በእጅ የተነካካ፣ ዋናው ምስል ደግሞ ጭጋግና ነጠብጣብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ክርስትና ተነሥቶ ስም ወጣለት፤ የተወለደ ልጅ ግን አልነበረም።

እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው? ሐይቁ ራሱ ያታልላል። ዳርቻው ገደል ስለሆነ አንዲት ጀልባ ያስነሳችው ማዕበል እየተላተመ ይመለሳል፤ ጀልባዋ ከዓይን ከራቀች በኋላ ረጭ ባለው ውኃ ላይ ጥቁር ጉብታ ተከታትሎ ሲሄድ ይታያል። አጋዘን ይዋኛል። ግንድ ይንሳፈፋል። የውኃ ወፍ በሩቁ አንገተ ረጅም ጭራቅ ትመስላለች። ልብ ደግሞ የጎደለውን ይሞላል። በ2003 ቢቢሲ ሐይቁን ባስፈተሸበት ጊዜ አንድ ተራ የአጥር እንጨት ውኃ ውስጥ ደብቀው ከአገር ጎብኚዎች ፊት ብቅ አደረጉት። ሰዎቹ ሲጠየቁ አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ነገር ነው ያየነው አሉ፤ ያያችሁትን ሳሉ ሲባሉ ግን ጥቂት የማይባሉት የአውሬ ጭንቅላት ስለው አረፉት። ማንም አልዋሸም። እንጨቱን አይተዋል። ጭንቅላቱን ግን ከቤታቸው ይዘውት ነው የመጡት።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በእኛ አገር አንድን ሰው «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ከባድ ነው። ፊቱ ይለዋወጣል። «ዋሽተሃል ልትለኝ ነው?» ይላል። ታላቃችን ከሆነማ ጨርሶ አይሞከርም፤ «እሳቸው ካሉ አሉ ነው!» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። የስሕተቱ ሥር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ ቋጥረናቸዋል። ሰውየው ይዋሻል ወይ? አንድ ነገር አይቷል ወይ? ያየው ነገር ያ ያለው ነገር ነው ወይ? ለመጀመሪያው «አይዋሽም»፣ ለሁለተኛው «አዎ፣ አይቷል» ብዬ በሙሉ ልብ መስክሬለት፣ ለሦስተኛው «እስቲ እንመርምር» ብል ክብሩን አልነካሁም። እንዲያውም መመርመር የሚያስፈልገው ለሐቀኛው ምስክር ሲባል ነው። ሳይመረመር የሚታመን ከሆነማ ሐቀኛውና አጭበርባሪው በምን ይለያሉ? ዲንስዴልና ዌዘረል እኩል ሆኑ ማለት ነው።

የኤዲንብራው ተወላጅ፣ ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም፣ በ1748 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ተአምር ምስክርነት ሲጽፍ ያቀረበው ሚዛን እስካሁን አልዛገም። ባጭሩ ሐሳቡ ይህ ነው፤ እንግዳ ነገር ሲነገርህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ፦ ነገሩ እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያስገርመው ወይስ ምስክሩ መሳሳቱ? ሰው በሩቅ ውኃ ላይ ጉብታ አይቶ ቢሳሳት ማን ይገረማል? ከዚህ በላይ ደግሞ ፍተሻው አለ። በ1987 ጀልባዎች ተሰልፈው ሐይቁን በድምፅ ሞገድ መሣሪያ አበጠሩት። በ2003 በ600 የድምፅ ሞገድ ጨረር ተፈተሸ። በ2018 በኒውዚላንዱ ሳይንቲስት ኒል ጌመል የሚመራ ቡድን 250 የውኃ ናሙና ወስዶ ፍጡራን እየዋኙ የሚጥሉትን የዘረ መል ርዝራዥ መረመረ። በ2019 ውጤቱ ሲነገር የተሳቢ እንስሳ ዘር አልተገኘም፤ እባብ የሚመስለው ኢል የሚባለው ዓሣ ዘር ግን በየቦታው ሞልቷል።

«አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ ያልፈለገ ሰው እንዲህ ቢባል። ነገር ግን በሬ በረት ውስጥ አለ ተብሎ በረቱን ማታም ጠዋትም ፈትሸን፣ እበት እንኳ ካጣን፣ «በሬው አለ» ባዩ ነው ማስረጃ የሚያመጣው እንጂ «የለም» ያልነው እኛ አይደለንም። አለዚያ ነገ በሬው ወለደ ይለናል።

«ታዲያ ምን ቸገረህ? ስኮትላንዶቹ ይዝናኑበት፣ ከጎብኚም ገንዘብ ያግኙበት» የሚሉኝ አሉ። እስማማለሁ። በሐይቁ አውሬ ላይ ብንሳሳት የሚሞት የለም፤ የሚታሰርም የለም። ጥሩ መማሪያ ነው የምለውም ለዚሁ ነው፤ ክፍያው ርካሽ ነው። ውድ የሚሆነው በሐይቁ ዳር የተለማመድነውን አመል ይዘን ሰው ወዳለበት የመጣን ዕለት ነው።

አባቶቻችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲከስስ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ራሱን እንደሳተ እየተንገዳገደ ይሄድና አንድ ቤት ገብቶ ይወድቃል። የዚያ ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ሥርዓቱ በሃያኛው መቶ ዘመን በሕግ ቀረ። አስፈጻሚው ሹም ነበር፤ ተመልካቹ መንደሩ ሁሉ ነበር፤ ብዙዎቹም ከልባቸው ያምኑ ነበር። ልጁ ሲወድቅ ሁሉም በዓይኑ አይቷል። መውደቁ እውነት ነው። «ስለዚህ ይህ ሰው ሰርቋል» የምትለው ግን ማንም ያላያት፣ ሁሉም ከቤቱ ይዟት የመጣት ናት። የባለቤቱ ከብት ሲነዳ «እስቲ ሌላ ማስረጃ አምጡ» የሚል አንድ ተጠራጣሪ ቢገኝ ኖሮ፣ ያ ሰው አጉል ፈላስፋ ሳይሆን የድሃ ጠበቃ ነበር።

ዛሬስ? ዛሬ ሌባ ሻዩ ኪሳችን ውስጥ ነው። ስልካችን ይጮኻል፤ ከፍተን እናያለን፤ የተቃጠለ ቤት፣ የወደቀ ሬሳ፣ «እነ እከሌ ያደረጉት ነው» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ። ምስሉ ከየት መጣ? መቼ ተነሳ? ዙሪያው ተቆርጦ ይሆን? ከሌላ አገር፣ ከሌላ ዓመት መጥቶ ይሆን? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ካለበት ዘመን ወዲህማ መጫወቻ መርከብ መግዛትም፣ ሐይቅ ድረስ መሄድም ቀርቷል፤ ሁለት መስመር ጽፎ ያልሆነውን እንደሆነ ማሳየት ይቻላል። እኛ ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው፦ «ማን ላከልህ?» «እከሌ ነው።» «እ፣ እሱ ከሆነማ!» በቃ። ሐኪሙ ተገኘ ማለት ነው። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባል ነበር፤ ዛሬ የምትታነቀው ግን የሰሚዋ ዶሮ ሳትሆን የጎረቤቷ ናት።

በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን በጅምላ መካድም አለ። «ዘንድሮ የማይሠራ ምስል የለም» ብሎ ነገር ሁሉ ውሸት ነው የሚል ሰው ብልህ ይመስላል። ነገር ግን ለእውነተኛ በደለኛ ከዚህ የተሻለ ጠበቃ የለውም። የተገረፈው ሰው ቁስሉን በፎቶ ቢያሳይ «ቅንብር ነው» ተብሎ ይመለሳል። ጥርጣሬ ሚዛን እንጂ በር መዝጊያ አይደለም። ሚዛን ደግሞ ለወዳጅም ለጠላትም አንድ መሆን አለበት። እኔ በበኩሌ ራሴን የምፈትነው በአንዲት ጥያቄ ነው፤ ይህ ምስል የሚከስሰው የእኔን ወገን ቢሆን ኖሮ በዚህችው ማስረጃ እቀበለው ነበር? መልሱ «አልቀበለውም» ከሆነ በሌላው ወገን ላይም አልቀበለውም። ደግሞም ፍርዱ በከበደ መጠን ማስረጃውም መክበድ አለበት። ለአውሬ ወሬ ብዥ ያለ ፎቶ ቢበቃ ግድ የለም፤ ለሰው ደም ግን አይበቃም።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» የሚለው ተረት ብዙ ጊዜ በሰው ክፋት ላይ ነው የሚተረተው። እኔ ግን ገንፎውን እንድንጥለው የሚመክር አይመስለኝም፤ አላምጠን እንድንውጥ ነው።

ሐኪሙ ዊልሰን ያን አውሬ አልቀረጸም፤ ፎቶውንም አላነሳም። ያደረገው ነገር ቢኖር መልካም ስሙን ማዋስ ብቻ ነው። ምናልባት ቀልድ መስሎት ይሆናል። ነገር ግን ያለ እሱ ስም ያ ፎቶ አንድ ሳምንትም ባልቆየ ነበር። ዛሬ ሁላችንም የአንድ ሰው ሐኪም ነን። እናታችን «ልጄ ከላከው እውነት ነው» ትላለች፤ ተማሪያችን፣ የማኅበራችን ሰው፣ ታናሽ ወንድማችን የእኛን ስም አይቶ ያምናል። ስለዚህ የደረሰንን ምስል ወደ ሌላ ስንገፋው «እኔ ምን አደረግሁ? አስተላለፍኩ እንጂ» ማለት አንችልም። ማስተላለፍ መመስከር ነው። በሐሰት መመስከር ደግሞ በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ ነውር ነው፤ ቃሉ ከአፍ ወጣም ከጣት።